በዘጌ ስለሚገኘው የሐይቅ ዳር ጠላ ቤት

በጣና ሐይቅ ስላለው ስለ ዘጌ ልሳነ ምድር የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ገዳማቱ ነው። ጽሕፈት የሚያውቁት መነኮሳት ስለ ነበሩ የእነርሱ ነገር በብራና ተርፎልናል፤ ጠላ ሻጯ ግን ሒሳቧን በቃሏ ይዛ አልፋለች። ስለዚህ የጠላ ቤቱን ታሪክ የምንፈልገው ከታንኳው ጭነት ነው።

የዘጌ መሬት በጥንቱ ሥርዐት በበሬ አይታረስም። በትውፊት እንደሚነገረው፥ አቡነ በትረ ማርያም አገሩ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ እንዲተዳደር፥ ሞፈርም እንዳይገባበት አዝዘዋል። ሥርዐቱ ደኑን ጠብቆታል፤ እህል ግን አሳጥቶታል። ጠላ ደግሞ ያለ ጌሾም ያለ ብቅልም አይሆንም። ጌሾው በደንገል ታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሄዳል፤ በመልሱ እህል ይመጣል። በአንድ ጋን ውስጥ የሚገናኙት እንግዲህ ሁለት አገሮች ናቸው፤ በእኛ አስተያየት የሐይቅ ዳሩ ጠላ ቤት የተወለደው ከዚህ ልውውጥ ነው። (ጠላ ቤትን የሥራ ፈቶች መዋያ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው፥ ታንከኛው የእህል ዋጋ የሚሰማው የት እንደ ሆነ ይጠየቅ።)

ባለቤቷ ጋኑን አጥባ በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ የተወቀጠውን ጌሾ በውሃ ትጠነስሳለች፤ ቀጥላም ብቅሉንና እንኩሮውን ጨምራ ትደፈድፋለች። ጠላው እስኪጠልል ቀናት ስለሚፈጅ የገበያውን ቀን አስቀድማ መቁጠር አለባት። ጠላው በደረሰ ዕለት ከእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በደጅ ትተክላለች። ነፋስ ተነሥቶ ታንኳዎቹ ከቀሩ ግን ጠላው ይኮመጥጣል፤ ኪሳራውም የእርሷ ብቻ ነው። ንግድ ሲባል ዘወትር ስለ ነጋዴው ወንድ ስናነብ፥ ይህን ያህል ገንዘብ በአየር ጠባይ ላይ የምታስይዘውን ሴት መዝለላችን ያስገርማል።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ጦር በጣና ላይ የሞተር ጀልባ አሠማራ። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት ደመወዝ የሚቀበል ጠጪ በከተማው በረከተ፤ ብዙዎቹ ጠማቂዎችም ወደዚያው እንደ ተሳቡ እንገምታለን። ዛሬ በሞተር ጀልባ የሚመጣው ጎብኚ ገዳማቱን አይቶ በዚያው ቀን ይመለሳልና ታንከኛው ይጠጣ የነበረውን ያህል አይጠጣም። ጌሾው ግን አሁንም ከዘጌ ይወጣል፤ የሚጠነሰሰው በሌላ ሰፈር ጋን ነው።