ያውቁ ኖሯል? በእርጎ ውስጥ የሳንባ ምች ጀርም ጠላት አለ

የወይራ ፍም ተንከባሎበት በታጠነ ቅል፣ በአሰላም ሆነ በሌላው የአርሲ ደጋ፣ ወተት ሲረጋ ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ላክቶኮከስ ላክቲስ ይባላል። አንዳንድ ዝርያዎቹ ኒሲን የተባለ፣ ከ34 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ፣ ማለትም ደቃቅ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ኒሲን ደግሞ ዋነኛውን የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስን፣ በቤተ ሙከራ ይገድላል፤ ፔኒሲሊን የማይበግረውን ጭምር!

አገዳደሉ የረቀቀ ነው። ኒሲን፣ ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚገነባበትን ንጥረ ነገር ጨምድዶ ይይዝበታል፤ ያንኑ መቆናጠጫ አድርጎም ሽፋኑን ይበሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በጀርሙ በተያዙ አይጦች ላይም እንደሚሠራ አሳይቷል።

ከውጭ በሚገባ አይብ ማሸጊያ ላይ «ኢ234» የሚል ጽሑፍ ካዩ ኒሲን ነው፤ አይቡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጨመራል። ታዲያ ለምን ክኒን አልሆነም ቢሉ፣ ሲዋጥ የአንጀት ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል።

ስለዚህ እርጎዎን ለጣዕሙ ይጠጡ፤ ሳልና ትኩሳት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣብዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።