የትንፋሽ መሣሪያን በልኩ ስለ መምረጥ

ጫማ የጠበበው ሰው ለባለሱቁ ይመልሳል፤ በማደንዘዣ ተኝቶ በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ በሽተኛ ግን የትንፋሹ መሣሪያ ቢጠበው ወይም ቢሰፋው መናገር አይችልም። ስለዚህ ልኩን አስተውሎ መምረጥ የባለሙያው ግዴታ ነው።

መሣሪያው ያስፈለገበትን ምክንያት አስቀድመን እንገልጻለን። ሰው በማደንዘዣ በተኛ ጊዜ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላሱም ወደ ኋላ ሸሽቶ የአየሩን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አንጎል ደግሞ ያለ ኦክሲጅን ጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢቆይ ይጎዳል። መንገዱን ከሚከፍቱት መሣሪያዎች አንዱ የማንቁርት ጭምብል የሚባለው ነው። ይህን የፈጠረው እንግሊዛዊው የማደንዘዣ ሐኪም አርቺ ብሬን ሲሆን፥ ሥራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በ1983 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት አስታወቀ። መሣሪያው ጫፉ ላይ በአየር የሚነፋ ለስላሳ ቀለበት ያለው ቱቦ ነው፤ በአፍ ገብቶ በማንቁርቱ አፍ ዙሪያ ያርፋል እንጂ ወደ አየር ቧንቧው አይዘልቅም።

ልኩ የሚመረጠው በመጀመሪያ በክብደት ነው። ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ቁጥር 1፥ እስከ 10 ኪሎ 1 ተኩል፥ እስከ 20 ኪሎ 2፥ እስከ 30 ኪሎ 2 ተኩል፥ እስከ 50 ኪሎ 3፥ እስከ 70 ኪሎ 4፥ እስከ 100 ኪሎ 5 ይሆናል።

ጭምብሉ ያነሰ እንደ ሆነ አየሩ በጎን ያመልጣል። በዚህ ጊዜ ቀለበቱን አብዝቶ በመንፋት ጉድለቱን ለመሙላት መሞከር ስሕተት ነው፤ የጠነከረው ቀለበት ሥጋንና ነርቭን ይጫናልና። የቀለበቱ ግፊት ከ60 ሴንቲሜትር ውሃ እንዳያልፍ ይመከራል። የበለጠ እንደ ሆነም በቦታው ሳይቀመጥ ጉሮሮን ያቆስላል።

ይሁን እንጂ ክብደት ብቻውን አይበቃም። ሰው ስለ ወፈረ ጉሮሮው በዚያው መጠን አይሰፋም፤ የአፍና የመንጋጋ አፈጣጠርም ይለያያል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ ያለና አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ጭምብል በአጠገብ ይዘጋጃል። ከገባ በኋላም ደረቱ በትክክል መነሣቱ፥ የሚወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለኪያው መታየቱ ይመረመራል። ካልሆነ ቦታውን ማስተካከል ወይም አውጥቶ በሌላ መለወጥ ሙያ እንጂ ነውር አይደለም።

ነገሩ ሐኪሙን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለሆስፒታል ዕቃ እንዲገዛ የሚፈርመው ወጣት ሹምም ድርሻ አለው። ብዙ ይፈለጋል ብሎ ቁጥር 4ን ብቻ ያዘዘ እንደ ሆነ፥ 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመጣ ጊዜ የባለሙያው እውቀት ብቻውን ምን ይረዳል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ተማሪው የቁጥሮቹን ልክ አስቀድሞ ያጥና፤ ሹሙም ከመፈረሙ በፊት ቁጥሮቹ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ይመልከት እንላለን።