አብረው የቆሙ እኅቶች

የሰለጰዓድን ሴቶች ልጆች ታሪክ ታስታውሳላችሁ? (ዘኍ. 27፥1-11) አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው በመሞቱ ስሙ ከወገኑ መካከል ሊጠፋ ነበር። ከአምስቱ እኅትማማቾች አንዷም ብቻዋን አልሄደችም። አብረው በሙሴ፣ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ርስት ጠየቁ። እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን መሰከረ፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሁሉ ሥርዓት ሆነ።

በእኛም ዘመን እንዲሁ አብረው የቆሙ እናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶችን ለማስቀረት የአፍሪካ አገሮች የጋራ ኮሚቴ ተመሠረተ። ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ወ/ሮ ብርሃነ ራስ ወርቅ ናቸው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ሆነ።

ማስተባበር ማለት ምንድን ነው?

እንዲህ ያለውን ኅብረት ማስተባበር ከላይ ሆኖ ማዘዝ አይደለም። ልማዱ በየአገሩ ይለያያል። አንዱ ዘንድ ልጅቱ በጨቅላነቷ ትገረዛለች፤ ሌላው ዘንድ ለጋብቻ ስትደርስ። አንዱ ሃይማኖት ያዘዘው ይመስለዋል፤ ሌላው ባል እንዳታጣ ይፈራል። ስለዚህ ሥራው በየአገሩ ለተቋቋሙ ብሔራዊ ኮሚቴዎች ተሰጠ። የሕዝባቸውን ቋንቋና ልብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የአስተባባሪው ድርሻ ማሠልጠን፣ በአንዱ አገር ፍሬ ያፈራውን ለሌላው ማካፈል፣ የሁሉንም ድምፅ አንድ አድርጎ በመንግሥታት ፊት ማቅረብ ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2003 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ጉባኤያቸው ዕለቱን ግርዛትን ፈጽሞ ያለመታገሥ ቀን ብለው ሰየሙት። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዕለቱ በዓለም ዙሪያ እንዲታሰብ ወሰነ። የአምስቱ እኅትማማቾች ታሪክ ትዝ አይላችሁም?

ሥራው ደጃችን ሲደርስ

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይከለክላል። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 80 በመቶው ተገርዘው ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 65 በመቶ ሆነ። መቀነሱ ያስመሰግናል። ግን የእኛ የፕሮቴስታንቶቹም ቁጥር ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ወንጌል የሰማ ቤት ሁሉ ከዚህ ልማድ ነጻ ወጥቷል ማለት አንችልም።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው የግዝረት ምልክት ለወንዶች ነበር (ዘፍ. 17)። ሴት ልጅ እንድትገረዝ የሚያዝ አንድም ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ የለም።

እንግዲህ ይህን ተነጋገሩበት። ባልና ሚስት፣ ልጅ ሳይወለድ በፊት ተስማሙ። ባል ሆይ፣ አያት «ልጅቷን ባለጌ ልታደርጓት ነው?» ስትል ሚስትህን ብቻዋን አትተዋት፤ ለእናትህ አንተው በአክብሮት አስረዳ። የቅድመ ጋብቻ ምክር የምትሰጡ አገልጋዮች፣ ከገንዘብና ከቤተ ዘመድ ጋር ይህንንም አንሡ። የእኅቶች ኅብረት መሪዎች፣ የጎረቤት አጥቢያዎችን እኅቶች ጠርታችሁ አብራችሁ ጸልዩ፤ አብራችሁም ተማሩ።

የአገራት ኅብረት ድምፁን እስከ ትልልቅ ጉባኤዎች ያደርሳል። ጓዳችን ውስጥ ግን የሚናገረው እኛ ስንናገር ብቻ ነው። ለራሳቸው መናገር ለማይችሉት ሴቶች ልጆቻችን አፋችንን እንድንከፍት ጌታ ይርዳን። አሜን።