ሲያሸንፉ የኛ፣ ሲሸነፉ የማን?

በሀገራችን ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ? ሀገርህስ ወዴት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ፍለጋ ነው። ክፋቱ የሚጀምረው ለአንዱ ተጠይቆ ለሌላው ሲቀር፣ ወይም ደግሞ አንዴ ከተመለሰ በኋላ ነገር በተበላሸ ቁጥር እንደ አዲስ ሲነሣ ነው። ይህንን ጉዳይ እንደ እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን አደባባይ የሚያወጣ ነገር እኛ አላየንም።

ውድ አንባቢያን፣ «የቤተሰብ መጽሔት ስለ ኳስ ምን አገባው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ነገር ግን ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ መድረሳ ሲመጡ ከላይ የሚደርቡት ማልያ ጀርባው ላይ የማን ስም እንደተጻፈበት በየቀኑ እናያለን። በዕረፍት ሰዓት «እገሌ ሙስሊም ነው፤ ለምን ለነሱ ይጫወታል?» እያሉ ሲከራከሩም እንሰማለን። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ብዙ አዋቂዎችን አፋጥጧል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ወይም «ሂጅራ» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ከሜሱት ኦዚል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ኦዚል በ1988 የድንጋይ ከሰል ይወጣባት በነበረችው በጌልዘንኪርሸን ከተማ ጀርመን ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ከቱርክ የመጣ ሲሆን እርሱ በጀርመን ሦስተኛው ትውልድ ነው። በዚያን ጊዜ የጀርመን ሕግ ሁለት ዜግነት መያዝን በቀላሉ አይፈቅድም ነበርና የቱርክ ዜግነቱን ትቶ የጀርመንን ያዘ። ከ2009 ጀምሮ ለጀርመን ዋና ቡድን 92 ጊዜ ተሰልፎ 23 ግቦች አስቆጠረ፤ በ2014 ብራዚል ላይ የዓለም ዋንጫን አነሣ።

ምርጫው ግን ገና ከመነሻው በነጻ አልተሰጠውም። ጥቅምት 8 ቀን 2010 ጀርመንና ቱርክ በርሊን ላይ ሲገናኙ ኳስ በነካ ቁጥር የቱርክ ደጋፊዎች ያፏጩበት ነበር። ጀርመን 3 ለ 0 ስታሸንፍ አንዱን ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ ደስታውን ግን ዋጥ አደረገው። ለነዚያ ደጋፊዎች የዚያን ምሽት ከሐዲ ነበር። ጀርመኖች ደግሞ በዚያው ዓመት «ከኅብረተሰቡ ጋር የመዋሐድ ምሳሌ» ብለው ሸለሙት። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ግን አፉን አይከፍትም የሚል ወቀሳ አልተለየውም። እርሱ ከጨዋታ በፊት ቁርኣን እንደሚቀራና ዱዓ እንደሚያደርግ ተናግሯል።

ግንቦት 2018 ላይ ኦዚልና ጓደኛው ኢልካይ ጉንዶጋን ለንደን ውስጥ ከቱርኩ ፕሬዝዳንት ከኤርዶዋን ጋር ፎቶ ተነሡ። በቱርክ ምርጫ ሊካሄድ አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ቀርቶት ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ያንን ፎቶ «ምንም የለበትም» ብለን አናልፈውም። ምርጫ በደጅ ቆሞ ሳለ ዝነኛ ሰው ከተወዳዳሪ ጎን ሲቆም ፎቶው የቅስቀሳ መሣሪያ እንደሚሆን ማንም አይስተውም። በዚህ የተቆጡ ጀርመኖች ሁሉ ዘረኞች ነበሩ ማለትም ግፍ ነው። ኦዚል በበኩሉ ያደረገው ለቤተሰቡ ሀገር መሪነት ያለውን አክብሮት ለመግለጽ እንጂ ለፖለቲካ እንዳልሆነ አስረድቷል።

ነገሩ መልኩን የለወጠው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2018 ጀርመን በደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ከምድብ ጨዋታ ተሰናበተች። ሜዳ የገቡት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ጣት የተቀሰረው ግን በአብዛኛው ወደ አንዱ ነበር። ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ማንነቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ዘሩ ይወራ ጀመር። ሐምሌ 22 ቀን ኦዚል ረጅም መግለጫ አውጥቶ ከቡድኑ ተሰናበተ። የመግለጫው ፍሬ ነገር ስናሸንፍ ጀርመናዊ እባላለሁ፣ ስንሸነፍ ስደተኛ እሆናለሁ የሚል ነበር። የፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት የነበሩት ራይንሃርድ ግሪንደል ፎቶው ለዘረኛ ስድብ መጠቀሚያ በሆነ ጊዜ በግልጽ ከጎኑ ሊቆሙ ይገባቸው እንደነበር ያመኑት እርሱ ከሄደ በኋላ ነው።

በዚያው መግለጫ ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የከበደው አንድ ጥያቄ ነው። ሉካስ ፖዶልስኪና ሚሮስላቭ ክሎዘ ሁለቱም ፖላንድ ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ፖዶልስኪ በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ በትውልድ ሀገሩ በፖላንድ ላይ ሁለት ግቦች አግብቶ ደስታውን ሳይገልጽ ቀረ። ጀርመን ውስጥ «ልቡ ወዲያ ነው» ብሎ የመረመረው አልነበረም፤ እንዲያውም ጨዋነቱ ተመሰገነ። ታዲያ እነርሱ በጀርመንነት ብቻ ሲጠሩ እኔ ለምን ሁልጊዜ «ጀርመናዊ ቱርክ» እባላለሁ? ቱርክ ስለሆንኩ ነው? ወይስ ሙስሊም ስለሆንኩ? ሲል ኦዚል ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እስካሁን አልሰማንም።

ለመሆኑ ተወልደው ያደጉበትን ሀገር እየወደዱ በሌላ ሀገር ታማኝ ሆኖ መኖር ይቻላልን? ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ታሪኩ የተፈጸመው በሀበሻ ምድር ነው። ከመካ ተሰደው ነጃሺ ዘንድ የተጠለሉት ሶሓቦች በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣበት ጊዜ እጅግ እንደተጨነቁ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አውርተዋል። የጦርነቱን ውጤት አይቶ እንዲመጣ ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ተመረጠ። በአየር የተነፋ የውኃ አቁማዳ ደረቱ ላይ አስረውለት ዓባይን በዋና ተሻገረ። የቀሩት አላህ ለነጃሺ ድል እንዲሰጠው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ የምሥራች ይዞ ሲመለስ እንዲያ የተደሰቱበት ቀን አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች መካን አልረሱም። ነጃሺም መካን ርሱ አላላቸውም፤ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው «አሳልፈህ ስጠን» ባሉት ጊዜ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን አስቀረ። ታማኝነቱ ከሁለቱም ወገን ነበር ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቢሆኑ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት አንሷሮች «እንግዲህ እዚያው ይቀሩብናል» ብለው ቢሰጉም፣ የሚወዷትን የትውልድ ከተማቸውን ትተው ከተቀበሏቸው ሰዎች ጋር ወደ መዲና ተመልሰዋል። መካን መውደዳቸውን ግን ማንም አልካደም። እንግዲህ ማልያ የለበሰ ሰው ላይ ያለበት ዐህድ ነው፤ ውሉን ጠብቆ የሚችለውን ሁሉ ሜዳ ላይ ማድረስ። ልቡን ከፍቶ ውስጡን መመርመር የአሠልጣኝም የጋዜጠኛም ሥልጣን አይደለም።

ከኛም ወገን ሙስሊም ስም ያለውን ተጫዋች ሁሉ የኡማው ተወካይ አድርገው ግብ ሲያገባ የሚፎክሩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስለማይስማማቸው ነገር «ከኛ አይደለም» ብለው የሚያባርሩት አሉ። ይህ ጀርመኖቹን ከምንወቅስበት ነገር በምን ይለያል? ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ አይደለም።

ነገሩን ከሁሉ በላይ የገባት አንዲት እናት ትመስለናለች። በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ስዊዘርላንድና አልባኒያ ሲጋጠሙ ግራኒት ዣካ ለስዊዘርላንድ፣ ታላቅ ወንድሙ ታውላንት ለአልባኒያ ተሰለፉ። ቤተሰቡ ከኮሶቮ ወደ ስዊዘርላንድ የተሰደደ ነው። እናታቸው ግማሹ የአልባኒያ፣ ግማሹ የስዊዘርላንድ የሆነ ካናቴራ ለብሰው ከተመልካች መካከል ተቀመጡ። ስዊዘርላንድ 1 ለ 0 አሸነፈች። እናት እንደሆነች የትኛውም ቢያሸንፍ አንዱ ልጇ ማልቀሱ አይቀርም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ላስገኘልን ቡድን አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2013 ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ከቡድናችን ጋር ደቡብ አፍሪካ ወረደ፤ ቀደም ሲል በአሜሪካ ወጣቶች ቡድን ተጫውቷል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም በበኩሉ ለጀርመን ወጣቶች ተጫውቶ ኋላ ወደ አሜሪካ ወጣቶች ቡድን አለፈ። «ከዳን» የሚል ካለ፣ ከኛ ምን ተቀብሎ እንደከዳ ቢነግረን ደስ ይለናል።

ሕጉም ቢሆን ለነዚህ ልጆች አይመችም። ፊፋ በ2020 ደንቡን በመጠኑ አላልቶ፣ 21 ዓመት ሳይሞላው ለአንድ ሀገር ዋና ቡድን ከሦስት ጨዋታ ያልበለጠ የተሰለፈ ተጫዋች ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟላ ሀገር እንዲለውጥ ፈቅዷል። ለስፔን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተጫውቶ ለዓመታት ታግዶ የቆየው ሙኒር አልሐዳዲ ለሞሮኮ የተሰለፈው በዚሁ ነው። ጀርመንም ሁለት ዜግነትን በሰፊው ፈቅዳለች፤ ሕጉ የጸናው ሰኔ 27 ቀን 2024 ነው። በኮሪያ የተሸነፉበት ዕለት ልክ ስድስት ዓመት ሲሞላው መሆኑ ነው!

በኛ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ሁለት ዜግነትን አይቀበልም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ብዙ መብት ቢያስገኝም ዜግነት አይደለም፤ ፊፋ ደግሞ የሚቆጥረው ዜግነትን ነው። ሪያድና ጅዳ የተወለዱ ልጆቻችን እዚያ መወለዳቸው ብቻ የሳዑዲ ዜግነት ስለማያሰጣቸው በዚህ ረገድ ችግሩ አይነካቸውም። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያሉት ግን ሌላ ነው። ውጭ በመወለዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ልጅ የኢትዮጵያን ይዞ ለመቆየት ከፈለገ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን መተዉን ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ያለበለዚያ በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ይህም ማለት ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ገና የክለብ ውል ፍለጋ ላይ ሳለ፣ ከአባቱ ሀገርና ካደገበት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል ማለት ነው። በውጭ የምትኖሩ ወላጆች ቀኑ ከመድረሱ በፊት ከልጃችሁ ጋር ብትነጋገሩበት፣ ወረቀቱንም ከኤምባሲው ብትጠይቁ መልካም ነው።