የዝቋላ ሪፖርት በየትኛው ፋይል ላይ ነው?

በዋግ ኽምራ ዞን ዝቋላ ወረዳ ያለ ጤና ጣቢያ የወር ሪፖርቱን የሚዘጋው ከ21 እስከ 20 ቆጥሮ ነው። በከባድ የምግብ እጥረት የታከሙ ሕፃናት ብዛት ከመዝገብ ይደመርና ዲኤችአይኤስ ቱ ወደተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ይገባል። መንግሥት መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የዚሁ ዞን ከተማ የሆነችውን የሰቆጣን ስም የያዘ ነው። በዋግ ኽምራ እንዲህ ያለ ቁጥር ጠፋ ማለት የሕፃናቱ አልሚ ምግብ በግምት ይመደባል ማለት ነው።

ዲኤችአይኤስ ቱ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ነው። የመረጃ ሠራተኛው 14 ብሎ አስገባ እንበል። ዳታቤዙ ዲስክ ላይ አስቀድሞ የሚጽፈው ለውጦችን በቅደም ተከተል በሚይዘው የሎግ ፋይል ላይ ነው። አዲሱ ቁጥር ሜሞሪ ላይ ይቆያል፤ ዋናው የዳታ ፋይል ግን ገና አልሰማም። ቅንብሩ ካልተነካ በ5 ደቂቃ ልዩነት፣ 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች እየተከፈለ ወደ ዳታ ፋይሉ ይወርዳል። በመሃል መብራት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሲነሳ ሎጉን አንብቦ 14ን ይመልሳል።

ስናፕሾት የተባለው የዲስኩ የቅጽበት ምስል የሚወሰደው ዳታቤዙ እንዲህ በሥራ መሃል እያለ ነው። ዲስኩን የያዘው ስቶሬጅ ፋይሎቹን አይገለብጥም፤ በዚያች ቅጽበት ዲስኩ ላይ የነበረውን ምልክት አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሲጻፍ አሮጌው እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። መቶ ጊጋባይት እንኳ ቢሆን የሚፈጀው ሰከንዶች ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሎጉና ዳታው በተለያየ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ነው። የሎጉ ስናፕሾት ቀድሞ የዳታው ዘግይቶ ከተወሰደ፣ በዳታ ፋይሉ ላይ ያለው ለውጥ በሎጉ ቅጂ ውስጥ አይገኝም፤ ዳታቤዙም ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ወይ ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት አብረው መያዝ አለባቸው፣ ወይ ዳታቤዙ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) መጀመሩ ተነግሮት እስኪያበቃ የተጻፈው ሎግ በሙሉ ከቅጂው ጋር መቀመጥ አለበት። ኦራክል በተባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ የኮንትሮል ፋይሉም አብሮ መያዝ አለበት። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ማይአይሳም የሚባሉት የቆዩ ሠንጠረዦች ከጉዳት የሚነሱበት ሎግ ስለሌላቸው፣ ስናፕሾቱ እስኪያዝ በእነሱ ላይ መጻፍ መቆም አለበት።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢሠራም ስናፕሾቱ የሚኖረው እዚያው ስቶሬጅ ላይ ነው። በሰሜኑ ጦርነት በዋግ ኽምራ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ሲሄድ በውስጡ ያለ ስናፕሾት አብሮት ይሄዳል፤ ይህን ባክአፕ ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። ቅጂው ከአካባቢው ወጥቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ለደካማ መስመር ስናፕሾት ትልቅ ጥቅም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው፦ ስቶሬጁ የትናንቱንና የዛሬውን ስናፕሾት አነጻጽሮ የተለወጡትን ብሎኮች ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ከመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚላከው ልዩነቱ ብቻ ነው።