ከኳስ ሌላ ምን አለ? ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያላዩት ገበያ

ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ለሚጓዝ ሰው መንገድ ዳር ከሚታዩት አነስተኛ ንግዶች አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በቆርቆሮ ወይም በሸራ የተከለለች ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ቦታ ከተረፈ ከበሩ ላይ ጆተኒ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የቤቶቹ ሸቀጥ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ኳስ፣ ኳስ፣ አሁንም ኳስ።

አንድ መንደር ውስጥ አምስት ሱቅ ከፍቶ አምስቱም ጨው ብቻ ቢሸጥ ምን ይባላል? ፕሌይስቴሽን ቤቶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሁሉም ፊፋ ወይም ፔስ ይከፍታሉ፤ ስለዚህም የሚወዳደሩት በዋጋ ብቻ ነው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይከተላል። ወጪው ግን አይከተልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ማሽኑም፣ ጆይስቲኩም፣ መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ኳሱን የሚወደው ወጣት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ብር ለስፖርት ውርርድም ያካፍላታል።

ተሸናፊ ይከፍላል

የዚህ ንግድ ሕግ የታወቀ ነው፤ አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ይከፍላል። ሕጉ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። በኳስ ጨዋታ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ለዓመታት የተለማመደው ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ በነፃ ሲጫወት ይውላል፤ ሒሳቡን የሚዘጋው አዲስ ገቢው ነው። እሱም ብዙ ጊዜ የደብተር ወይም የምሳ ገንዘቡን ይዞ የመጣ ተማሪ ነው። ጥቂት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ይቀራል። ቤቱም ደንበኛ ያጣል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የአንድ የኳስ ጨዋታ ዋጋ 10 ብር ነው እንበል። ቡድን መምረጡና መግባት መውጣቱ ተጨምሮ 12 ደቂቃ ቢወስድ በሰዓት 5 ጨዋታ፣ በአንድ ቴሌቪዥን 50 ብር ይገኛል። አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተውና በ6 ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ ቢከፈትስ? ሦስቱ ተሸናፊዎች እያንዳንዳቸው 4 ብር ብቻ ቢከፍሉ ከአንድ ዙር 12 ብር፣ በሰዓት ከ10 ዙር 120 ብር ይሆናል። ተጫዋቹም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ከግማሽ በታች ይወርድለታል። ይህ የሚሠራው ግን ወረፋ ሲኖር ነው፤ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ሒሳቡ አይሠራም።

ስለዚህ ለቤት የሚሆን ጨዋታ አራት መመዘኛ ያሻዋል። አጭር ይሁን፤ አሸናፊና ተሸናፊው ቶሎ ይለይ፤ ከአግዳሚው የሚያየውንም ሰው ያዝናና፤ ኢንተርኔት አይፈልግ። እነዚህን የሚያሟሉ ነገር ግን በእኛ ገበያ ብዙም ያልተጠየቁ ጨዋታዎች አሉ።

በአሮጌው ማሽን

ፒኤስ 2 እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ለገበያ ቀርቦ ምርቱ በ2013 እስኪቆም ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ፊፋ 14 ከወጡለት የመጨረሻ ጨዋታዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጫዋቾቹን ስም እየቀየሩ የሚያዘጋጁ ሰዎች ዕድሜውን አራዝመውለታል። ይህን ማሽን ይዞ የቀረ ባለቤት እንደ ከሳሪ ራሱን መቁጠር የለበትም።

አንደኛ፣ ቨርቹዋ ቴኒስ 2። የሴጋ ሥራ ነው፤ ለፒኤስ 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ቴኒስ ማን ያውቃል የሚል ይኖራል። አዝራሮቹ ግን ጥቂት ስለሆኑ አያያዙ ቶሎ ይለመዳል። ሁለት ለሁለት ሆነው አራት ሰው ይጫወቱታል። ኳሷ ወዲያና ወዲህ ስትል አግዳሚው ላይ ያለውም አንገቱን ማዞሩ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በርንአውት 3። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ልዩነቱ ተፎካካሪን ገጭቶ ከመንገድ ማውጣት የሚያስመሰግን መሆኑ ነው። ሁለት ሰው ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ይወዳደርበታል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰ የሚያሸንፍበት ክፍልም አለው፤ ይህ ጆይስቲኩን እየተቀባበሉ በተራ የሚጫወቱት ስለሆነ አንድ ጆይስቲክ ለተበላሸበት ቤት መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ፣ የናምኮው ኧርባን ሬይን። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ተቺዎች ብዙም አላሞገሱትም፤ ተኬን የተባለው ታላቅ ወንድሙ ጥላ ሆነበት። ነገር ግን አራት ሰው በአንድ ሜዳ የሚደባደብበት፣ ዙሩ ቶሎ የሚያልቅ ጨዋታ ነው። ድብድብ ስለሆነ ለሕፃናት አይከፈትም።

ፒኤስ 2 ያለው የጆይስቲክ መሰኪያ ሁለት ብቻ ነው። ለአራት ሰው መልቲታፕ የሚባለውን ማከፋፈያ መግዛት ግድ ይላል። ለቀጭኑና ለወፍራሙ ሞዴል የሚሆነው ስለሚለያይ ማሽኑን ሳያሳዩ አይግዙ።

ፒኤስ 4 ላላቸው

እዚህ ቤት በቅድሚያ የሚመከረው ሮኬት ሊግ ነው። በዓለም ስመ ጥር ቢሆንም በሰፈር ቤቶች እንደ ኳሱ አይጠየቅም። በመኪና ኳስ የሚገፋበት ጨዋታ ነው፤ የሚቆየው 5 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ከመስከረም 2020 ጀምሮ በነፃ የሚወርድ ሆኗል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ስክሪን ከፍሎ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል። ከኳስ ውጪ አላይም የሚለውን ደንበኛ ለማለማመድ ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ አይገኝም።

ሁለተኛው ታወርፎል አሴንሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። እስከ አራት ቀስተኞች በአንድ ስክሪን ይፋለማሉ፤ ቀስታቸው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ የወረወሩትን ሄደው መልቀም አለባቸው። አንድ ቀስት ያገኘው ወዲያው ይወጣል። ጨዋታው ሲሠራ ጀምሮ አጠገብ ለአጠገብ ለተቀመጡ ሰዎች የታሰበ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤት ጨዋታ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ኒድሆግ በዚያው ዓመት የወጣ ሲሆን ሁለት ሰው በሻምላ የሚገጥምበት ነው። ባላንጣውን ጥሎ እስከ ሜዳው ጫፍ የሮጠ ያሸንፋል። ገመድ ጉተታን ይመስላል፤ አለቀ ሲባል ይገለበጣል። ሥዕሉ ያረጀ ይመስላል። ደንበኛው በመጀመሪያ ይስቅበታል፤ ከሁለት ዙር በኋላ ግን ወረፋ ይይዛል።

የአገር ልጅ ሥራ

በስልክ ለሚጫወት ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራቸው ኩኩሉ እና ገበጣ አሉ። ኩኩሉ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ሩጫ ነው። ገበጣው አያቶቻችን መሬት ቆፍረው በጠጠር ይጫወቱት የነበረው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ያሉትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ወጣቱ ስለ ገበጣ ከስልኩ መስማቱ የሚገርም ቢሆንም፣ ጨርሶ ከመርሳት ይሻላል። ወረፋ ለሚጠብቅ ደንበኛ በእንጨት የተሠራ አንድ ገበጣ አግዳሚው ላይ ቢቀመጥ ደግሞ መብራት ሲጠፋም ቤቱ አይዘጋም።

እንዴት ይጀመር?

ኳሱን በአንድ ጊዜ ማውረድ ኪሳራ ነው። የሚሻለው አንዱን ቴሌቪዥን ብቻ ለአዲሱ ጨዋታ መለየት፣ የመጀመሪያውን ዙር በነፃ ማስቀመስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ ሲበዛ መክፈት ነው። አዲስ ጨዋታ ላይ ሁሉም ጀማሪ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚከፍለው ልጅም የማሸነፍ ዕድል ያገኛል። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አለማስገባትም ከወላጅና ከቀበሌ ጋር ያለውን ንትርክ ይቀንሳል፤ በዚህ ንግድ ቤት የሚያዘጋው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በዚያ ቴሌቪዥን የገባውን ብር ከኳሱ ጋር ለየብቻ መዝግቦ ማነጻጸር ይበቃል። ካላዋጣ ኳሱ የትም አይሄድም። ካዋጣ ግን ባለቤቱ ጎረቤቱ የሌለውን ሸቀጥ አገኘ ማለት ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ የሚያስገድደውም አይኖርም።