ማን ነው የፈረመው? የመሠረተ ልማትና የሪል እስቴት ተቀጥላ ኩባንያዎች በውል ዓይን

ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ተነስቶ በጎሮ በኩል ወደ ቦሌ ለሚ የሚያቀና ሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶችን፣ የግል ሪል እስቴቶችንና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶችን አልፎ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ግንባታ ጀርባ ውል አለ። የብድር፣ የአክሲዮን ሽያጭና የጋራ ልማት ውሎች ብዙውን ጊዜ በትርጓሜ አንቀጽ ይጀምራሉ፤ «ተቀጥላ ኩባንያ» ምን እንደሆነ የሚወሰነውም እዚያው ነው። ዕዳውና ዋስትናው እስከማን እንደሚደርስ በዚህ አንቀጽ ይለያል።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ኩባንያዎች ቡድን የተሟላ ሥርዓት አልነበረውም። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግ ግን እናት ኩባንያንና ተቀጥላን ለይቶ ደነገገ፤ መለኪያውም ቁጥጥር ነው። ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ስለፈቀደ፣ እናት ኩባንያ ለይስሙላ ሁለተኛ አባል ሳይፈልግ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ ተቀጥላ ማቋቋም ይችላል። የእንግሊዝ የ2006 (እ.ኤ.አ.) የኩባንያዎች ሕግም የሚጠይቀው አብዛኛው ድምፅ በማን እጅ እንዳለ፣ አብዛኛውን የቦርድ አባላት ማን እንደሚሾምና እንደሚሽር ነው።

ጠንቃቃ አርቃቂ በሕጉ ትርጉም ላይ ሦስት ነገሮችን ይጨምራል። የመጀመሪያው በሌላ ኩባንያ በኩል የሚደረግ ቁጥጥር ይቆጠር እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የሥራው ወሰን ነው፦ መንገድ፣ ውኃ፣ ኃይልና ሼድ በመሠረተ ልማት፤ ቤት ገንብቶ መሸጥና ማከራየት በሪል እስቴት። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ትርጉሙ በፊርማው ቀን ያሉትን ተቀጥላዎች ብቻ ይይዛል ወይስ ወደፊት የሚቋቋሙትንም? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1733 መሠረት የውል ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከቃሉ ወጥቶ የተዋዋዮችን ሐሳብ በትርጉም መፈለግ አይችልም። ስለዚህ ሲረቀቅ የተዘነጋን ነገር ፍርድ ቤት ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

በሪል እስቴት ጉዳዩን የሚያከብደው መሬት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ኩባንያ የሚይዘው የሊዝ መብት ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ የሊዝ መብት ማስተላለፍን በጥብቅ ይገድባል። ይሁንና ሊዙ በተቀጥላው ስም ከሆነ፣ የተቀጥላው አክሲዮን ሲሸጥ ካርታው ላይ ያለው ስም ሳይለወጥ አዛዡ ይለወጣል። አበዳሪ ባንክ ወይም የመሬት ባለይዞታ ሸሪክ «የቁጥጥር ለውጥ» የሚል አንቀጽ የሚያስገባው ለዚህ ነው።

ተቀጥላ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው፣ ዕዳው በመርህ ደረጃ ወደ እናት ኩባንያው አይሻገርም፤ ቅርንጫፍ ግን የኩባንያው የራሱ አካል ነው። የእናት ኩባንያው ስም ማስታወቂያ ላይ ስለተሰቀለ ብቻ ዋስ አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ካልተጻፈም ፈራሽ ነው። በአክሰስ ሪል እስቴት ገንዘባቸውን ከፍለው ቤታቸውን ለዓመታት የጠበቁ ገዢዎች፣ ከፋዩ የሚተማመንበት ሀብት በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል።

በመንግሥት በኩልም ተመሳሳይ አደረጃጀት አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 አልሚን፣ ኦፕሬተርንና በፓርኩ የሚሠራውን ኢንተርፕራይዝ ለየብቻ ተርጉሞ ነበር፤ በቦሌ ለሚ ሼዱን የሚያከራየውና በውስጡ የሚያመርተው የተለያዩ ናቸው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ በመሠረተ ልማት ዘርፍ የፕሮጀክት ኩባንያ ለሚመሠረትበት አሠራር መሠረት ጥሏል። በ2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድና ኢትዮ ቴሌኮም ያሉ ድርጅቶችን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቧል።

ሰሚትም ሆነ ሌላ ቦታ ቤት የሚገዛ፣ ሼድ የሚከራይ ወይም አክሲዮን የሚገባ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ሰነዶችን ያስተያይ፦ የሊዝ ውሉን፣ የንግድ ምዝገባውንና የሚፈርመውን ውል። በሦስቱ ላይ የሰፈረው ስም አንድ ካልሆነ፣ ልዩነቱን የሚያብራራ አንቀጽና መጠኑ የተጻፈ የእናት ኩባንያ ዋስትና ይጠይቅ። ይህን ካላገኘ አይፈርም።